ለቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንቶች የአራት ሳምንት የስፖርት ሕክምና ሥልጠና፦ መሐል አዲስ አበባ ላይ እንዴት ይዘጋጃል?

ጉልበቱን ወይም ቁርጭምጭሚቱን ይዞ የሚመጣ ታካሚ ብዙ ጊዜ ባለቤት የለውም። ኦርቶፔዲክስ ይላካል፤ «ስብራት የለውም» ተብሎ ይመለሳል። ተመላላሽ ክፍል ዲክሎፌናክ ይጻፍለትና ይሸኛል። ከዚያ ወይ ወጌሻ ጋ ይሄዳል ወይ እያነከሰ ይኖራል። ይህን ሰው ሊይዝ የሚገባው የቤተሰብ ሐኪም ነው። የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ በ2013 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር የሦስት ዓመት ሥልጠና ሆኖ ነው የተዋቀረው፤ ከሦስቱ ዓመታት አራት ሳምንት ለስፖርት ሕክምና ማውጣት አይከብድም። የሚሻለው ሁለተኛው ዓመት ነው። የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ እየሠለጠነ ያለ ሐኪም) ገና ዋርድ እየለመደ ነው፤ የሦስተኛ ዓመቱ ሐሳብ ደግሞ ፈተናውና የጥናት ጽሑፉ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ ሥልጠናውን ለሚያስተባብረው ሲኒየር ነው። ሁሉም ነገር የቆመው በአንድ መርሕ ላይ ነው፦ የሚሠለጥነው የሬዚደንቱ እጅ ነው። ኤምአርአይ ለአብዛኛው ታካሚ ውድ ነው፣ ወረፋም አለው። ስለዚህ ወሩ ሲያልቅ ሬዚደንቱ በእጁ ዳስሶ፣ ጠይቆና አስረግጦ መወሰን መቻል አለበት።

ከመጀመሩ ስድስት ሳምንት በፊት

ደብዳቤ ወደ ሦስት ቦታ ይገባል፦ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ ወደ ኦርቶፔዲክስ ተመላላሽ ክሊኒክ (ጄሶ ክፍሉን ጨምሮ) እና በሳምንቱ መጨረሻ ጨዋታ ወደሚያካሂድ ቡድን ወይም ሜዳ። ከጥቁር አንበሳ አካባቢ ለሚነሳ ሰው መስቀል አደባባይ በእግር ይደረሳል፤ ጃንሜዳ ደግሞ በስድስት ኪሎ በኩል በአንድ ታክሲ። እሑድ ማለዳ መስቀል አደባባይ ላይ ሯጩ፣ አይሮቢክስ ሠሪውና ደረጃ ወጪው በአንድ ቦታ ይገኛል። የሥልጠናው ሜዳ ከሆስፒታሉ በር ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ራቅ ያለ አካዳሚ መፈለግ ትራንስፖርት ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

በአንድ ዙር አራት ሬዚደንት ይበቃል። ሦስት አይሁን፤ ሁለቱ እርስ በርስ ሲመረመሩ ሦስተኛው ስልኩን ያወጣል። ሁሉም ቁምጣ ይዘው እንዲመጡ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ በሱሪ ላይ የተመረመረ ጉልበት አልተመረመረም። ለሴት ሬዚደንቶች መጋረጃ ያለው ክፍል ይዘጋጅ።

ዕቃው ብዙ አይደለም፦ ጎኒዮሜትር (የመገጣጠሚያ መታጠፍን በዲግሪ የሚለካ)፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ቆዳ ላይ የሚጽፍ እስክሪብቶ፣ 10 እና 15 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክሬፕ ባንዴጅ፣ የስፖርት ቴፕ፣ እስፕሊንት፣ ቃሬዛ፣ የትንፋሽ መስጫ ማስክ፣ የስኳር መለኪያ፣ የኦክስጅን መለኪያ፣ በፊንጢጣ የሚለካ ቴርሞሜትር፣ አንድ ሰው የሚያስተኛ ሸራ እና ኤኢዲ (ለቆመ ልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ)። የመለጠጫ ላስቲክ ውድ ከሆነ መርካቶ ከሚሸጥ አሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ እየተቀደደ ይሠራል። በረዶ ደግሞ በዋዜማው ግማሽ ሊትር ሃይላንዶችን ውኃ ሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ነው። ሃይላንዱ እስከ አፉ አይሞላ፣ ይሰነጠቃል።

አንደኛ ሳምንት፦ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ብቻ

ትከሻ፣ ክርን፣ ወገብ ሁሉ በዚህ ሳምንት ይቅር። ሁሉንም በአንድ ሳምንት የሚያሳይ አስተማሪ አንዱንም አላስተማረም።

በቁርጭምጭሚት ይጀመራል፤ «እግሬ ወለም አለኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ስለማይጠፋ። ሬዚደንቶቹ የኦታዋን መመሪያ (ቁርጭምጭሚቱን የተጎዳ ሰው ራጅ ያስፈልገው እንደሆነ የሚለየውን) በቃላቸው ያውቁታል፤ እጃቸው ግን አያውቀውም። ልምምዱ እንዲህ ነው፦

1. ጓደኛው ላይ የውጪውን ማሌዎለስ (የቁርጭምጭሚቱን ጉብታ አጥንት) ጫፍ ፈልጎ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግ። ከጫፉ ወደ ላይ 6 ሴንቲሜትር በሜትር ለክቶ ሌላ ምልክት ያድርግ። በውስጥ በኩልም እንዲሁ። አብዛኛው ሰው 6 ሴንቲሜትር ብሎ የሚገምተው 3 ወይም 4 ነው፤ ሜትሩ የተፈለገው ለዚህ ነው።

2. በአጥንቱ የኋላ ጠርዝ ላይ ከላይ ወደ ታች በአውራ ጣት እየጫነ ይውረድ። ዋናው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ወለምታ ያለበት ሰው በጣም የሚያመው ከማሌዎለሱ ፊት ለፊትና ዝቅ ብሎ ባለው ሊጋመንት (አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዝ ጅማት) ላይ ነው። ሬዚደንቱ እዚያ ይጫናል፣ ታካሚው ይጮኻል፣ ራጅ ይታዘዛል። ያ የሊጋመንት ሕመም ነው፤ ራጅ የሚያሳዝዘው የአጥንቱ የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፍ ሲያም ነው።

3. ወደ እግር ይውረድ፦ የአምስተኛው ሜታታርሳል (ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደው የእግር አጥንት) መነሻ፣ ቀጥሎ ናቪኩላር (በእግሩ ውስጥ በኩል ያለው አጥንት)።

4. ወደ ላይ ይውጣ፦ ፊቡላን (በውጪ በኩል ያለውን ቀጭን የቅልጥም አጥንት) እስከ ጉልበት ሥር ድረስ ይዳስስ። ቁርጭምጭሚት ተጠማዞ ፊቡላ ከላይ የሚሰበርበት ጊዜ አለ፤ ካልተዳሰሰ ያመልጣል።

5. አራት እርምጃ ያስረግጠው። እያነከሰም ቢሆን ከተራመደ ተራምዷል። ጉዳቱ እንደደረሰም አሁንም አራት እርምጃ መሄድ ካልቻለ ግን ራጅ ይታዘዛል።

መመሪያው የማይሠራባቸውም አሉ፦ የሰከረ ሰው፣ ሌላ ከባድ ሕመም ትኩረቱን የወሰደበት፣ በስኳር ምክንያት እግሩ የደነዘዘ። እነዚህ ራጅ ይነሡ።

ሊጋመንቱ መበጠሱን የሚያሳየው የመሳብ ምርመራ በመጀመሪያው ቀን ብዙም አይረዳም፤ እብጠቱና ሕመሙ ጡንቻውን ያግተዋል። ታካሚውን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን መልሶ መጥራት ነው። በአንድ እጅ ቅልጥሙን አጽንቶ፣ በሌላው ተረከዙን ይዞ ወደ ፊት መሳብ፤ ከዚያ ደኅነኛውን እግር። ሁልጊዜ ከሁለቱ እግሮች ንጽጽር ውጪ ፍርድ የለም። አኪለስ (ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘው ጅማት) ሳይታይም አይለፍ፦ ታካሚው በሆዱ ተኝቶ እግሮቹ ከአልጋው ጫፍ ውጪ ይንጠልጠሉ፤ ባቱ ሲጨመቅ እግሩ ካልተንቀሳቀሰ ተበጥሷል። ጣቱን ማንቀሳቀስ መቻሉ እንዳያታልል፤ ሌሎች ጡንቻዎች ያንን ይሠራሉ።

ለተራ ወለምታ አራት ሳምንት ጄሶ ማሰር ይቅር። ባንዴጅ፣ እግር ከፍ ማድረግ፣ በቻለው መጠን ቶሎ መርገጥ፣ ከዚያ በአንድ እግር መቆም። «ጥርስህን ስትቦርሽ በታመመው እግር ቁም» ማለት በወረቀት ከተጻፈ የልምምድ ዝርዝር ይልቅ ይተገበራል። ተመላልሶ ወለም የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን የሚዛን ልምምድ የዘለለ ነው።

ጉልበት ላይ ግማሹ ምርመራ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም በታካሚው አማርኛ መጠየቅ አለበት። «ቋ ሲል ተሰማህ? መቼ አበጠ? ይከዳሃል? ይቆለፍብሃል?» በሁለት ሰዓት ውስጥ ያበጠ ጉልበት ውስጡ ደም አለ፦ የፊተኛው መስቀለኛ ሊጋመንት፣ ስብራት ወይም የወጣ የጉልበት ሎሚ። በማግሥቱ ያበጠ ወደ ሜኒስከስ (በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ልምጭ አጥንት) ጉዳት ያዘነብላል። ተቆልፎ መዘርጋት ያቃተው ጉልበት በዚያው ሳምንት ኦርቶፔዲክስ መድረስ አለበት።

የላክማን ምርመራ፣ ማለትም የፊተኛው መስቀለኛ ሊጋመንት መበጠሱን ለማየት ቅልጥሙን ወደ ፊት መሳብ፣ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ በታጠፈ ጉልበት ላይ ይደረጋል። እጇ ትንሽ የሆነ ሬዚደንት የታካሚውን ጭን በአንድ እጅ መያዝ አይሆንላትም፤ የራሷን ጉልበት አልጋው ላይ አድርጋ የታካሚውን ጭን እሱ ላይ ታሳርፈው። ታካሚው የኋላ ጭኑን ጡንቻ ካጠበቀ የተበጠሰውም ደኅና ይመስላል፤ ጡንቻው መላላቱን በጣት አረጋግጦ መሳብ ነው። ጉልበቴን የሚል ልጅ ሲመጣ ደግሞ ዳሌው ሳይመረመር አይሸኝ። የዳሌ በሽታ ጉልበት ላይ ያማል፣ የጉልበቱ ራጅም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

ስለ ወጌሻ

ታካሚው ሐኪም ጋ ከመምጣቱ በፊት ታሽቶ ሊሆን ይችላል፤ በኳስ ቡድኖች ውስጥም ወጌሻው ሐኪም ከመምጣቱ በፊት የነበረ ሰው ነው። ሬዚደንቱ «ማን አየልህ?» ብሎ ያለ ነቀፋ ይጠይቅ፤ ከተነቀፈ ታካሚው ይደብቃል። ሊታወቁ የሚገባቸው አደጋዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጥብቅ የቀርከሃ እስር ነው፦ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከጉዳቱ ጋር ካልተመጣጠነ እስሩ ያኔውኑ ይፈታ፤ ሰዓታት እግር ያስቆርጣሉ። ሁለተኛው በጭን ጡንቻ ላይ በተመታ ሰው ላይ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በኃይል የታሸ የደም መርጋት ውሎ አድሮ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊያበቅል ይችላል። ከቡድኑ ወጌሻ ጋር ግማሽ ቀን አብሮ መዋል ሬዚደንቱን ቴፕ አስተሳሰር ያስተምረዋል፤ ወጌሻውም መቼ እጁን መሰብሰብ እንዳለበት ያውቃል። ይህ የግማሽ ቀን ቆይታ ከፕሮግራሙ እንዳይሠረዝ።

ሁለተኛ ሳምንት፦ ሯጮች

ጠዋት ፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ ከሰዓት የሯጮች ክሊኒክ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ ከዚያም በላይ። ሄሞግሎቢን ሲነበብ የከፍታ ማስተካከያው ካልተሰላ ደም ማነሱ ሳይታይ ያልፋል። የፌሪቲን (የብረት ክምችት) ምርመራ ካለ አብሮ ይታዘዝ።

በዚህ ሳምንት ዋናው ጉዳይ የአጥንት ድካም ስብራት ነው። ቅልጥሟን የሚያማት ወጣት ሯጭ ስትመጣ ሬዚደንቱ ሦስት ጥያቄ ሳይጠይቅ አያሰናብታት፦ «ልምምድ ሰሞኑን ጨምረሻል? የወር አበባሽ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው? በቀን ስንቴ ትበያለሽ?» ጾም ላይ ያለች ሯጭ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ ጠዋት ረጅም ሩጫ ከሮጠች ጉልበቷ የሚመጣው ከራሷ አጥንትና ጡንቻ ነው። ጾሟን ተዪ ማለት ሐኪሙን ከጨዋታ ውጪ ያደርገዋል፤ የልምምዱን ሰዓት ወደምትበላበት ሰዓት ማስጠጋት፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና ሱፍ መጨመር ግን ይሰማል። የወር አበባ ለሦስት ወር መቅረት የሩጫ ብቃት ምልክት ተደርጎ የሚወራበት ቦታ አለ፤ ይህ መስተካከል አለበት። እርግዝናም ይመርመር።

ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ንጹሕ ሊሆን ይችላል። አጥንቱ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ በጣት ሲነካ የሚያም ከሆነና በአንድ እግር ስትዘል ከባሰባት እንደ ድካም ስብራት ተቆጥራ ሩጫ ታቁም። በብሽሽት በኩል የሚያማት ከሆነ ግን የጭን አጥንት አንገት ነው ተብሎ ይታሰብ፦ ክራንች ይሰጣት፣ አትርገጥ፣ አስቸኳይ ኤምአርአይ ይታዘዝ። በዚህ ሥልጠና ውስጥ ለኤምአርአይ ያለማመንታት ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ ይህ ነው።

ለደም ግፊትና ለስኳር ታካሚዎች እንቅስቃሴ ማዘዝም በዚሁ ሳምንት ይገባል። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ እያወሩ መሄድ በሚቻልበት ፍጥነት። ከዚህ በላይ ሰዓት አይፈጅም።

ሦስተኛ ሳምንት፦ መርፌና መድኃኒት

መርፌ ሬዚደንቶች የሚወዱት ክፍል ነው፤ ስለዚህም ልጓም ያስፈልገዋል። ሁለት መርፌ ብቻ ይማሩ፦ የጉልበትና የትከሻ። ለጉልበት እግሩ ተዘርግቶ፣ ከሎሚው የላይኛው የውጪ ጥግ ሥር፣ 21 ወይም 22 ጌጅ መርፌ፤ ትሪያምሲኖሎን (ስቴሮይድ) 40 ሚሊግራም ከ1% ሊዶኬይን (ማደንዘዣ) 4 ሚሊሊትር ጋር። ከመስጠት በፊት ሁልጊዜ ይሳብ። የተሳበው ፈሳሽ ከደፈረሰ መድኃኒቱ ወደ ጉልበቱ አይገባም፤ ፈሳሹ ለግራም እስቴይንና ለካልቸር (የባክቴሪያ ምርመራዎች) እንዲሁም ለጂንኤክስፐርት (የቲቢ ምርመራ) ይላካል። አንድ ጉልበቱ ብቻ ለወራት ያበጠ ታካሚ እዚህ አገር ቲቢ አይደለም እስኪባል ድረስ በቲቢ ተጠርጣሪ ነው።

የሚረሳው ጥያቄ የኤችአይቪ መድኃኒት ነው። ሪቶናቪር ያለበት ሁለተኛ መስመር ሕክምና ላይ ያለ ሰው ትሪያምሲኖሎን ከተሰጠው፣ መድኃኒቱ በጉበት ሳይወገድ ሰውነቱ ውስጥ ይቆያል፤ በአንድ መርፌ እንኳ ፊት ሊያብጥ፣ አድሬናል እጢው ሥራ ሊያቆም ይችላል። ሬዚደንቱ የመድኃኒቱን ዕቃ አይቶ ነው መርፌ የሚያነሣው። የስኳር ታካሚ ደግሞ ለቀናት ስኳሩ እንደሚወጣ ይነገረው። አኪለስ ቴንደን ውስጥ ስቴሮይድ አይሰጥም፤ ይበጠሳል። በአንድ መገጣጠሚያ በሁለት መርፌ መካከል ቢያንስ ሦስት ወር ይለፍ።

ለተወዳዳሪ አትሌት የሚጻፍ እያንዳንዱ መድኃኒት በዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ዝርዝር ይታይ። ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ የመገጣጠሚያ ስቴሮይድ መርፌም በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው። ትራማዶልም ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ግን የሚያጋጥመው «ደከመኝ፣ አንድ ጉሉኮስ ይተከልልኝ» የሚለው ልማድ ነው። ሆስፒታል ገብቶ ለሚታከም ሰው፣ ለቀዶ ሕክምና ወይም ለክሊኒካል ምርመራ ካልሆነ በቀር በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊሊትር በላይ በደም ሥር መስጠት በውስጡ ምንም የተከለከለ ነገር ባይኖርም ጥሰት ነው፤ ከውድድር ውጪም ቢሆን። በበጎ ፈቃድ የተተከለ አንድ ከረጢት የአትሌቱን ዓመታት ሊበላ ይችላል።

አራተኛ ሳምንት፦ ሜዳ

ሜዳ መውጣት በአራተኛው ሳምንት ብቻ አይወሰን፤ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እሑድ እሑድ ይሁን። አራተኛው ሳምንት ላይ ግን ሬዚደንቱ ይመራል፣ ሲኒየሩ ከኋላው ይቆማል። ዙሩ ኅዳር ላይ ከዋለ ከመስቀል አደባባይ የሚነሣው የ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ ስላለ፣ ለበጎ ፈቃድ ሕክምና ቡድን አስቀድሞ መመዝገብ ይጠቅማል።

ከጨዋታው ግማሽ ሰዓት በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ፦ ማን ደረት ይጫናል፣ ማን ኤኢዲ ያመጣል፣ ማን ለአምቡላንስ ይደውላል (907 ወይም 939)፣ ማን በር ላይ ቆሞ አምቡላንሱን ይመራል፣ የየትኛው በር ቁልፍ ማን እጅ ነው። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። መኪና የሚያስገባው በር ተቆልፎ ዘበኛው ሻይ ሊጠጣ ከሄደ አምቡላንስ መጥቶም አልመጣም። ለአምቡላንስ ሲደወል «ጃንሜዳ» ብቻ አይበቃም፤ በየትኛው በኩል እንደሚገባ ይነገር።

ማንም ሳይነካው የወደቀና የማይመልስ ተጫዋች ልቡ ቆሟል ተብሎ ይያዝ። የሚያሳስተው ልብ ሲቆም ለአጭር ጊዜ የሚታየው መንቀጥቀጥ ነው። ተመልካቹ «የሚጥል በሽታ ነው» ይላል፣ ክብሪት ይጫራል፣ ያሸቱታል፤ ደቂቃዎቹ ይሄዳሉ። ሬዚደንቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዞር በሉልኝ፣ ክብሪቱን አጥፉ» ማለት ይለማመድ፤ ትሑት ሬዚደንቶች ይህ ይከብዳቸዋል። ደረት መሐል ላይ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 30 ጭነት ለ2 ትንፋሽ። ኤኢዲው እንደደረሰ ይለጠፍ። ልምምዱ በአሻንጉሊት ክፍል ውስጥ አይቅር፤ ሣሩ ላይ፣ በጩኸት መሐል፣ ሳይነገር ይደረግ፤ የመጀመሪያው ኤኢዲ እስኪለጠፍ የፈጀው ጊዜ በሰዓት ይያዝ። ከሦስት ደቂቃ ካለፈ የሳጥኑ ቦታ ይቀየር።

ጭንቅላቱን የተመታውን ተጫዋች አሠልጣኙ «ውኃ አፍስሱበትና ይግባ» ይላል። በዚያ ቀን አይገባም፤ ለድርድር የሚቀርብ ነገር የለም። ጥያቄዎቹ አጭር ናቸው፦ አሁን የት ሜዳ ነው ያለነው? ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ጎል ያገባው ማን ነው? ባለፈው ከማን ጋር ተጫወታችሁ? አሸነፋችሁ? በትክክል መመለሱ ግን ነጻ አያወጣውም። የአንገት ሕመም፣ የተደጋገመ ትውከት፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ የእጅ መደንዘዝ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ወይም መፍዘዝ ካለ ወዲያው ሆስፒታል። ከሌለ የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻውን አይደር፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀለል ካለ በኋላ በስድስት ደረጃ፣ ለእያንዳንዱ ቢያንስ 24 ሰዓት እየሰጠ ወደ ጨዋታ ይመለስ። ለዘመድ የሚሰጥ ወረቀት በአማርኛ ተጽፎ ኪስ ውስጥ ይያዝ።

ሩጫ ጨርሶ መስመሩን ካለፈ በኋላ ተዝለፍልፎ የወደቀ ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፦ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ማነጋገር፣ ስኳር ማየት። ከመስመሩ በፊት የወደቀ ግን ምክንያት አለው። ግራ ከተጋባ የፊንጢጣ ሙቀቱ ይለካ፤ የግንባርና የብብት መለኪያ ላብ ባለበት ሰው ላይ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ከ40 ዲግሪ በላይ ከሆነ ሸራው ላይ አስተኝቶ ጠርዞቹን አራት ሰው ይዞ፣ ውኃና በረዶ አፍስሶ እዚያው ማቀዝቀዝ፤ 39 ገደማ ሲደርስ ማውጣትና ከዚያ ማጓጓዝ። «አዲስ አበባ ብርድ ናት» ብሎ ቴርሞሜትሩን ቤት መተው አያዋጣም፤ ሙቀቱን የሚያመነጨው ጡንቻው ነው። ሙቀቱ ደኅና ሆኖ ግራ ለተጋባና ብዙ ውኃ ለጠጣ ሰው ግን ኖርማል ሳላይን አይጣደፍ፤ ሶዲየሙ ወርዶ ሊሆን ይችላል።

አሠልጣኙ ስለ ተጫዋቹ ሲጠይቅ መልሱ «ይጫወታል» ወይም «አይጫወትም» ነው። ምርመራው የተጫዋቹ ነው፤ የሚነገረው እሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ምዘና

ሎግቡኩ (ሬዚደንቱ የሠራው የሚመዘገብበት ደብተር) ላይ ቢያንስ 10 ቁርጭምጭሚት፣ 10 ጉልበት፣ 3 በክትትል የተሰጡ መርፌዎች እና 3 የሜዳ ቀናት በሲኒየር ፊርማ ይሞሉ። የተፈረመበት ቁርጭምጭሚት ሲኒየሩ ቆሞ ያየው ብቻ ነው፤ ማታ በጅምላ የሚፈረም ሎግቡክ አይቆጠር። የመጨረሻው ፈተና አራት ጣቢያ አለው፣ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ፦ ቁርጭምጭሚት በእስክሪብቶና በሜትር፣ ላክማን፣ የመድኃኒት ዝርዝር ይዞ መርፌ ልሰጥ ወይስ አልስጥ የሚወስንበት፣ እና ድንገት የወደቀ ተጫዋች። በአራተኛው ጣቢያ የወደቀ ሬዚደንት ሌሎቹን በሙሉ ቢያልፍም በቀጣዩ እሑድ ሜዳ ላይ ይደግማል።